ከደም የጠፋው ሴሩሎፕላዝሚን

እ.ኤ.አ. በ1968 «ጆርናል ኦፍ ባዮሎጂካል ኬሚስትሪ» ላይ የወጣው ጽሑፍ በርዕሱ ማንንም የሚስብ አልነበረም። በሴሩሎፕላዝሚን ላይ የሚካሄድ ተከታታይ ጥናት አምስተኛ ክፍል መሆኑን ይናገራል እንጂ ጉበት የሚል ቃል እንኳ የለበትም። ከአምስቱ ጸሐፊዎች አናቶል ሞረል መጀመሪያ፣ ጊልበርት አሽዌል መጨረሻ ተቀምጠዋል።

ሴሩሎፕላዝሚን በደም ውስጥ መዳብ የሚሸከም ግላይኮፕሮቲን ነው፤ ማለትም የስኳር ሰንሰለቶች የተቀጠሉበት ፕሮቲን። ሞረልና ባልደረቦቹ ብሮንክስ በሚገኘው የአልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ የዊልሰንን በሽታ ያጠኑ ነበር። በዚህ በሽታ መዳብ በጉበትና በአንጎል ይከማቻል፤ የሕሙማኑ ሴሩሎፕላዝሚንም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ፕሮቲኑን በሰውነት ውስጥ ለመከታተል ጨረር የሚያመነጭ ምልክት አስፈለጋቸው። በቤተስዳው ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠራው አሽዌል ደግሞ የስኳር ኬሚስትሪ ሰው ነበር።

ዘዴው እንዲህ ነው። በሰንሰለቱ ጫፍ ያለውን ሲያሊክ አሲድ በኤንዛይም ይነቅሉታል፤ ከሥሩ ጋላክቶስ የተባለ ስኳር ይገለጣል። ጋላክቶሱን በሌላ ኤንዛይም ኦክሳይድ ያደርጉትና ትሪቲየም ባለው ቦሮሃይድራይድ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመልሱታል። ምልክቱ ተቀመጠ፤ የተነቀለው ሲያሊክ አሲድ ግን ቦታው ባዶ ቀረ። ይህን ፕሮቲን ጥንቸል ሲወጉ በደቂቃዎች ውስጥ ከደሟ ጠፋ፤ የተገኘው ጉበቷ ውስጥ ነው። ያልተነካካው ሴሩሎፕላዝሚን ለቀናት በደም ይዘዋወራል።

«ፕሮቲኑ በሥራችን ተበላሽቷል» ብሎ መተው ይቻል ነበር፤ ብዙ ቤተ ሙከራ እንዲያ ያደርግ ነበር ብዬ እገምታለሁ። እነሱ ግን የተገለጠውን ጋላክቶስ ኦክሳይድ እንደሆነ ተዉት፣ ወይም ጭራሹን ቆርጠው አወጡት። ፕሮቲኑ እንደገና በደም ውስጥ መቆየት ጀመረ። እንግዲህ ጉበቱ የሚያየው ብልሽትን ሳይሆን ጋላክቶስን ነበር።

በ1971 ፈተናው ወደ ሌሎች የደም ግላይኮፕሮቲኖች ሰፋ። አብዛኞቹ እንደ ሴሩሎፕላዝሚን ሲያሊክ አሲድ ሲነሳባቸው ጉበት ቶሎ አነሣቸው፤ ትራንስፌሪን ግን አሻፈረኝ አለ። ጸሐፊዎቹ ይህን ልዩ ሁኔታ አልሸሸጉም፤ ለእኔ ከግኝቱ ባልተናነሰ የሥራቸውን ጥራት የሚያሳየኝ ይህ ነው። በ1974 ጋላክቶሱን የሚይዘው የጉበት ተቀባይ ፕሮቲን ተነጥሎ ወጣ። አስገራሚው ነገር ተቀባዩ ራሱ ግላይኮፕሮቲን መሆኑ ነው፤ የራሱ ሲያሊክ አሲድ ከተነቀለ መያዙን ያቆማል፤ ምክንያቱም የራሱን ጋላክቶስ መያዝ ይጀምራል።

የማጣቀሻ ብዛት ለሚቆጥር ሰው እዚህ ጋ ችግር አለ። አሽዌልና ሞረል በ1974፣ አሽዌልና ጆ ሃርፎርድ በ1982 የግምገማ ጽሑፎች አወጡ፤ በመስኩ እንደተለመደው ተከታዮቹ ተመራማሪዎች ከመጀመሪያው ሙከራ ይልቅ ግምገማውን ይጠቅሳሉ። ቀጥሎ «የአሽዌል–ሞረል ተቀባይ» የሚለው ስም ራሱ በቂ ሆነ፤ ስሙን የሚጽፍ ሰው የግርጌ ማጣቀሻ ማኖር ይተዋል። ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን ዕውቀት የጋራ ሲሆን ምንጩ ይጠፋል ያለው ይኸው ነው። በ1982 አሽዌል የጌርድነርን ሽልማት ተቀበለ፤ ይህ በቁጥር የማይለካ ዕውቅና ነው።

ተቀባዩ ከጋላክቶስ ይልቅ አጥብቆ የሚይዘው ኤን-አሴቲልጋላክቶሳሚን የተባለውን ስኳር ነው። የመድኃኒት ቀማሚዎች የዚህን ስኳር ሦስት ሞለኪውሎች አንድ ላይ ከአጭር አር.ኤን.ኤ. ጋር አያያዟቸው፤ ጉበቱም ራሱ እየጎተተ ያስገባቸዋል። ጊቮሲራን በ2019 በአሜሪካ ለአጣዳፊ የጉበት ፖርፊሪያ ተፈቀደ፤ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ኢንክሊሲራን በ2020 በአውሮፓ ተከተለው። የኢንክሊሲራን ታካሚ ከመነሻዎቹ መርፌዎች በኋላ በየስድስት ወሩ አንዴ ይወጋል፤ መድኃኒቱ ወደ ጉበት የሚገባው በጥንቸሏ ጉበት ውስጥ ሥራውን ባሳየው በዚያው ተቀባይ በኩል ነው።