ከሞራ እስከ ማለስለሻ፦ የጠመንጃ ቅባት ታሪክና የስያሜው ጥያቄ

የጦር መሣሪያ መመሪያን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በየገጹ ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ «ቅባት» የተባለው ቃል ነው። በባዕድ ቋንቋ በተጻፈው መመሪያ አራትና አምስት ልዩ ልዩ ነገሮች በየስማቸው ተጠቅሰው ሳለ፣ በትርጉሙ ውስጥ ሁሉም «ቅባት» ወይም «ዘይት» ተብለው ይጠቃለላሉ። ጉዳዩ የአነጋገር ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን ያለ ቦታው የተመረጠ ቅባት በብርድ ይረጋል፣ በዝናብ ይታጠባል፣ በአቧራ ይጨቀያል፤ የቃሉ ድፍንነት የሚያስከፍለውም ዋጋ መሣሪያውን የያዘው ሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም የጠመንጃ ቅባት በታሪክ እንዴት እንደተለያየና ከዚህ ልዩነት የአማርኛ ሙያዊ ስያሜ ምን ሊወስድ እንደሚገባ በአጭሩ ለማሳየት እንሞክራለን።

1. በእጃችን ያሉት ቃላት

«ቅባት» የግእዙ «ቀብዐ» ዘር ነው። ግሱ አንድን ነገር በሌላው ገጽ ላይ መለቅለቅን እንጂ የሚቀባው ምን እንደሆነ ወይም ስለ ምን እንደሚቀባ አይናገርም፤ ግድግዳ ቀለም ይቀባል፣ ጠጕር ቅቤ ይቀባል፣ ንጉሥም ለመንግሥቱ ይቀባል። «ዘይት» የቀጭኑ ፈሳሽ ስም ሲሆን፣ «ስብ»ና «ሞራ» ከእንስሳ የሚገኘውን ያመለክታሉ። ከጣልያንኛ የመጣው «ግራሶ» እና በእንግሊዝኛ በኩል የገባው «ግሪስ» በጋራዥ ሠራተኞች ዘንድ ወፍራሙን ዐይነት ይጠሩበታል። ግሱን በተመለከተ «ጠመንጃ ወለወለ» የሚለው አነጋገር ቆሻሻ ማስወገድንና ዘይት መቀባትን ባንድ ትንፋሽ ይይዛል። እንግዲህ ቃሎቻችን ስለ ነገሩ ምንነትና ስለ አቀባቡ ይናገራሉ እንጂ ስለሚሰጠው አገልግሎት አይናገሩም። ታሪኩ የሚያስተምረው ደግሞ መለየት ያለበት በተለይ አገልግሎቱ መሆኑን ነው።

2. የሞራ ስም ያስነሣው ሁከት

ስለ ጠመንጃ ቅባት ስያሜ ሲነሣ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1857 በህንድ የሆነው ነው። የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ለህንዳውያን ወታደሮቹ የኤንፊልድን ጠመንጃ ለመስጠት ተዘጋጀ። የጠመንጃው ጥይት ከነባሩዱ በወረቀት የተጠቀለለ ሲሆን፣ ጥይቱ ጠመዝማዛ ቦይ ባለው አፈሙዝ በቀላሉ እንዲወርድ ወረቀቱ ጫፉ ላይ ቅባት ነበረው። ወታደሩም በልምምዱ ደንብ መሠረት ወረቀቱን በጥርሱ ይበጥስ ነበር። ቅባቱ ከላምና ከዐሣማ የተገኘ ነው የሚል ወሬ በዚያው ዓመት በጥር ወር ካልካታ አጠገብ ካለው የዱም ዱም ሰፈር ተነሣ። ላም ለሂንዱው የተቀደሰች፣ ዐሣማ ለሙስሊሙ የረከሰ በመሆኑ ወሬው ሁለቱንም ወገን ባንድ ጊዜ አስቈጣ።

እዚህ ላይ ለመዝገበ ቃላት ባለሙያ የሚጠቅመው ፍሬ ነገር፣ ቅባቱ የሚቀርብበት ውል «ሞራ» ከማለት በቀር የየትኛው እንስሳ ሞራ እንደሆነ ለይቶ አለመናገሩ ነው። ለአቅራቢው ልዩነት ያልነበረው ነገር ለወታደሩ የሃይማኖት ጉዳይ ሆነ። አለቆቹ በኋላ ወታደሮቹ የራሳቸውን ቅባት ከሰምና ከቅቤ እንዲያዘጋጁ ፈቀዱ፤ ወረቀቱም በእጅ እንዲቀደድ ተደረገ። ይሁን እንጂ ጥርጣሬው አልበረደም። በሚያዝያ ወር በሚሩት ከተማ 85 ፈረሰኞች ጥይቱን አንቀበልም አሉ፤ በኋላም ተፈረደባቸው፤ በግንቦት 10 ቀንም ዐመፁ ፈነዳ። የዐመፁ ምክንያት የመሬት፣ የግብርና የአገዛዝ ቅሬታን የሚጨምር ሰፊ ነገር ቢሆንም፣ እሳቱን የጫረው የቅባቱ ነገር ነበር። ኩባንያውም በ1858 የህንድን አስተዳደር ለእንግሊዝ ዘውድ አስረከበ።

3. ዘይት የማያጸዳው

ጭስ አልባ ባሩድ ከመጣ በኋላ ሌላ ችግር ታየ። በዘመኑ የጥይት ማቀጣጠያ ቅመም ውስጥ ፖታስየም ክሎሬት ነበረበት፤ ይህ ሲቃጠል ፖታስየም ክሎራይድ የተባለ፣ ከማዕድ ጨው ጋር የሚዛመድ ጨው በአፈሙዙ ውስጥ ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም ብረቱን ያዝገዋል። ጨው በዘይት አይሟሟምና በላዩ ዘይት መቀባት ጠላትን ከቤት ዘግቶ እንደ መተው ነው። የእንግሊዝ ወታደር ከተኮሰ በኋላ በአፈሙዙ የፈላ ውኃ እንዲያፈስስ፣ ከዚያም አድርቆ ዘይት እንዲቀባ የታዘዘው ስለዚህ ነበር። ሶቪየቶችም ለክላሽንኮቭ ጠመንጃ የባሩድ ዝቃጭ የሚያስወግድ በውኃ የሚበጠበጥ መድኃኒት ከቅባቱ ለይተው አዘጋጅተዋል። ስለዚህ ማጽዳትና መቀባት ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ «ወልውል» የሚለው አንድ ትእዛዝ ለሁለቱም አይበቃም።

4. ብርድ፣ ዝናብና የ«ክረምት» ወጥመድ

እ.ኤ.አ. በ1941 ማብቂያ የጀርመን ጦር በሞስኮ አካባቢ ሲዋጋ የመሣሪያው ቅባት በብርዱ ረጋ፤ መትረየሶችና ጠመንጃዎች ተያዙ። ብዙ ወታደሮች ቅባቱን ጠርገው መሣሪያቸውን ደረቁን መጠቀም ግድ ሆነባቸው፤ ሶቪየቶች ግን ለብርድ የተሠራ ቀጭን ቅባት ነበራቸው። በ1950 በኮርያ ተራሮች የአሜሪካ ወታደሮች ተመሳሳይ ችግር ገጠማቸው። በ1951 ወደዚያው የዘመተው የእኛው ቃኘው ሻለቃም የአሜሪካን መሣሪያ ታጥቆ ያንኑ የአየር ጠባይ ተጋፍጧል።

ከዚህ የተነሣ መመሪያዎች የቅባት ምርጫን በሙቀት መጠን መወሰን ጀመሩ። የክላሽንኮቭ መመሪያ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወፍራሙን፣ ከዚያ በታች እስከ 50 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ቀጭኑን ያዝዛል። ይኸው ልዩነት በተለምዶ «የበጋ» እና «የክረምት» ቅባት እየተባለ ይጠራል። ተርጓሚው መጠንቀቅ ያለበትም እዚህ ላይ ነው። የአውሮጳ «ክረምት» በረዶና ውርጭ ሲሆን፣ የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንብበት ወቅት ነው። ለውርጭ የሚያስፈልገው የማይረጋ ቀጭን ቅባት ነው፤ ለዝናብ ግን በውኃ የማይታጠብ ወፍራም ያስፈልጋል። አሜሪካኖች ለኤም 1 ጠመንጃቸው ከዘይቱ ሌላ ግራሶ የጨመሩት፣ ከባድ ዝናብ ዘይቱን እያጠበ ተንሸራታቹን ብረት ስላስያዘባቸው ነበር። እንግዲህ «የክረምት ቅባት» ብሎ ቃል በቃል የሚመልስ ተርጓሚ፣ ሐምሌ ዝናብ ውስጥ ላለ ወታደር ከሚያስፈልገው ተቃራኒውን ያዝዝለታል። ስሕተቱ ከሰዋስው አንጻር እንከን የለውም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

በረሓ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። የተቀባ ብረት አቧራ ይይዛል፤ ዘይትና አቧራም ተቀላቅለው እንደ ሞረድ ይፍቃሉ። ስለዚህ በዚያ ያለው ምክር በስሱ መቀባት፣ ከውጭ ያለውን ገጽ ማድረቅና አዘውትሮ ማጽዳት ነው።

5. ስም ሥራን ሲተካ

እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1967 በቬትናም የአሜሪካ ወታደሮች ኤም 16 የተባለው አዲስ ጠመንጃ እየተያዘባቸው ተቸገሩ። የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ በ1967 ጉዳዩን መርምሮ የባሩዱ ዐይነት መለወጡን እንደ ዋና ምክንያት ጠቅሷል፤ የማጽጃ ዕቃ እጥረትና የሥልጠና ጕድለትም ነበረበት። ጠመንጃው «ራሱን ያጸዳል» የሚል ወሬ በወታደሩ ዘንድ መሰራጨቱ ችግሩን አባብሶታል። አንድ ቅጽል የአንድን የዕለት ሥራ ቦታ ወሰደ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ጦር የተስፋፋው ፈሳሽ ስሙ ከሦስት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ነው፤ ትርጉሙም «ማጽጃ፣ ማለስለሻ፣ መጠበቂያ» ነው። ፈሳሹ አንድ ቢሆንም ስሙ ሦስቱን አገልግሎት ለየብቻ ይቈጥራል። እንዲያም ሆኖ ከ23 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን መመሪያው ለከባድ ብርድ የተሠራውን ሌላ ዘይት ያዝዛል።

6. የምናቀርበው ሐሳብ

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ. «ቅባት» የጠቅላላው ወገን ስም ሆኖ ይቆይ፤ በትእዛዝ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን ብቻውን አይግባ።

ለ. በአገልግሎት ረገድ ሰበቃን የሚቀንሰው «ማለስለሻ»፣ ዝቃጭን የሚያስወግደው «ማጽጃ»፣ ብረትን ከእርጥበት የሚጠብቀው «የዝገት መከላከያ» ይባል። «ለሰለሰ» የመላላት ትርጉም ስላለው ብረት ይለሰልሳልን የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም ግሱ የ«ሻከረ» ተቃራኒ ሆኖ የገጽን ልስላሴ ስለሚያመለክት ለዚህ ተስማሚ ነው። «ሰበቃ»ም እሳት ከሚሰበቅበት እንጨት የመጣ ነባር ቃል በመሆኑ ከባዕድ መዋስ አያሻንም።

ሐ. በውፍረት ረገድ ቀጭኑ «ዘይት»፣ ወፍራሙ «ግራሶ» ይባል። «ግራሶ» ባዕድ ቢሆንም በሠራተኛው አፍ ሥር የሰደደ ስለሆነ፣ ማንም የማያውቀውን አዲስ ቃል በቦታው መትከል ጥቅም የለውም።

መ. የወቅት ስም በምንም ሁኔታ በቀጥታ አይተርጐም። «የውርጭ ዘይት»፣ «የዝናብ ግራሶ» ተብሎ ምክንያቱ ይጠራ፤ የሙቀቱም መጠን በአኃዝ ከጐኑ ይጻፍ።

ስያሜ የሚጸናው በወረቀት ላይ ስለ ተወሰነ ሳይሆን የሚሠራበት ሰው ሲቀበለው ነው። ስለዚህ መሣሪያ ያዡ፣ መካኒኩና ተርጓሚው ከእነዚህ የተሻለ በየአካባቢያቸው የሚነገር ቃል ካላቸው፣ ቃሉን ከሚነገርበት ሥራና ቦታ ጋር ቢገልጹልን ለቀጣዩ ዝርዝር ግብዓት ይሆነናል።