የወፍ በሽታና ነፍሰ ጡሯ እናት



ከመካከላችሁ በሽንዲ፥ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ገጠር ተወልዶ ዛሬ በከተማ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ቢኖር፥ የሰው ዐይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ሲባል እየሰማ እንዳደገ አይጠረጠርም። ሕዝቡ ሕመሙን ከሌሊት ወፍ ጋራ ያያይዘዋል። ነገር ግን በእርጉዝ ሴት ላይ እጅግ የሚከፋው የዚህ ሕመም ምንጭ ወፍ ሳይሆን ውሃ መሆኑ የታወቀው በብዙ ሰው ሞት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. መጨረሻ በሕንድ አገር በዴልሂ ከተማ፥ ፍሳሽ ከያሙና ወንዝ በሚቀዳው የመጠጥ ውሃ ውስጥ ገባና 29,000 ያህል ሰዎች ታመሙ። ብዙዎቹ ዳኑ፤ ነፍሰ ጡሮች ግን ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት ሞቱ። የበሽታው ተሕዋስ ገና አልታወቀም ነበር። በኋላም ሚኻኢል ባላያን የተባለ የሩስያ ሊቅ ከሕሙማን ዐይነ ምድር የተዘጋጀ ፈሳሽ በፈቃዱ ጠጥቶ ታመመ፤ በራሱም ዐይነ ምድር ውስጥ ተሕዋሱን አይቶ ውጤቱን በ1983 ዓ.ም. አሳተመ። ይህ በሽታ ዛሬ ሄፓታይተስ ኢ ይባላል።

መከራው ለእኛም አልራቀም። በ1985 ዓ.ም. ረኃብና ጦርነት ያፈለሳቸው ወገኖቻችን በምሥራቅ ሱዳንና በሶማሊያ መጠለያዎች ሳሉ በሽታው በሺሕ የሚቈጠሩትን ያዘ። በሶማሊያው መጠለያ ከሞቱት 87 ሰዎች መካከል ግማሽ የሚጠጉት እርጉዞች ነበሩ። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸውም በ1993 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ ጉበታቸው ታሞ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ነፍሰ ጡሮች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ይህን ተሕዋስ አገኙ።

በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወሮች በሽታው ከያዛቸው መቶ ሴቶች ከ20 እስከ 25 የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ። ጉበት ሥራውን ሲያቆም አእምሮ ይደነግዛል፤ ደምም አልቆም ይላል። ደግሞም ቢጫነት ሁሉ ከውሃ የሚመጣ አይደለም። በእርግዝናው ምክንያት ጉበት ስብ ሊሞላበት፥ ወይም የደም ግፊት ሲበረታ ሊጐዳ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የእናቲቱ መዳኛ ሕፃኑን በቶሎ ማዋለድ ነው። ስለዚህ በቤት ቅጠል እየጨመቁ መቈየት ሁለት ነፍስ ያሳጣል።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፤ ለበዓል ወደ አገር ቤት ስትወርዱ ይህን ለእናቶቻችሁና ለእኅቶቻችሁ ንገሩ። ነፍሰ ጡር ዐይኗ ቢጫ ከሆነ፥ ማስመለስ ከጠናባት፥ በቀኝ ጐኗ ከጐድን አጥንቷ ሥር ካመማት ወይም ንግግሯ ከተሳከረ፥ ሳይነጋ ወደ ሐኪም ትወሰድ። የምትጠጣው ውሃ ይፈላ፤ መጸዳጃውም ከምንጩ ይራቅ።

የምንጭ ማጐልበቻ ማመልከቻ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስም፥ በእንስራ ውሃ ተሸክማ የምትወጣውን እርጉዝ ሴት አስቡና ወረቀቱን ሳታሳድሩ አሳልፉት።