«የጥንቱ ነው»

ከሰፈራችን ጋራዥ በር ላይ የኋላ ወንበሩ የተነሣ ቮልስ ቆሟል። አራት ሰዎች አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተዋል። መካኒኩ ናፍጣ የነካ ጨርቅ ይዞ ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት ፈገፈገው፤ የስንት ዘመን ቅባትና አቧራ ሲለቅ በብረቱ ላይ የታተሙት ቁጥሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ባለመኪናው አዛውንት መነጽራቸውን አድርገው ከሊብሬው ጋር አመሳከሩ። ገጠመ። ተራው የሞተሩ ሲሆን ሊብሬውን አጥፈው ያዙት። «ሞተሩን እኔው ነኝ ያስቀየርኩት፤ ሻንሲው ግን የጥንቱ ነው» አሉ።

ገዢው ወጣት «ኦሪጅናል ነው ማለትዎ ነው ጋሼ?» አለ።

«እሱን ነው የምልህ።»

ሁለቱም የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ የአዛውንቱ ቃል ግን ሥሩ ራቅ ይላል። ዛሬ «ጥንት» ስንል ድሮ፣ ሩቅ ዘመን ማለታችን ነው። በግእዝ ጥንት መጀመሪያ፣ መነሻ ነው። ይህን ትርጉም ቤተ ክርስቲያን አለቀቀችውም። «ጥንተ አብሶ» የመነሻው፣ የመጀመሪያው በደል ነው። የስቅለት በዓል በየዓመቱ ቀኑ ይዘዋወራል፤ መጋቢት 27 ግን ድርጊቱ በመጀመሪያ የተፈጸመበት ዕለት ስለሆነ «ጥንተ ስቅለት» ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ «ጥንታዊ መኪና» በሥርወ ቃሉ ሲፈታ ከመነሻው እንደነበረ ያለ መኪና ነው። ዕድሜ ብቻውን ለዚህ ስም አያበቃውም። እኛ ቃሉን ወደ «አሮጌ» አጠበብነውና ባዶ የቀረውን ቦታ ለመሙላት «ኦሪጅናል»ን ተዋስን።

የተዋስነውም ቃል የሚናቅ አይደለም። ምንጩ በላቲን «ኦሪሪ» የተባለው ግስ ነው፤ መነሣት፣ መውጣት ማለት ሲሆን ለፀሐይም ይነገራል። ላቲኖቹ ምሥራቅን የጠሩት ከዚሁ ግስ በወጣ ስም ነው። የእኛም «ምሥራቅ» የመጣው ከ«ሠረቀ»፣ ማለትም ከ«ወጣ» ነው። ለአሮጌ መኪና የሚነገረው «ክላሲክ» ግን ከሌላ ሰፈር ነው የመጣው። በሮም ዜጎች በሀብታቸው መጠን በክፍል ሲመደቡ ከላይኛው ክፍል የሆነው «ክላሲኩስ» ይባል ነበር፤ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሉስ ጌሊዩስ ቃሉ ለምርጥ ደራሲ ሲነገር መዝግቦታል። ስለዚህ ክላሲክ ማዕረግን ይናገራል፤ ጥንታዊ ግን ታማኝነትን።

ሰብሳቢዎች ገንዘባቸውን የሚያወጡት ለዚህ ታማኝነት ነው። አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ዓመተ ምሕረት ያላቸው ሁለት መኪናዎች ቢቀርቡላቸው፣ መጀመሪያ የሚያዩት የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ጋር መግጠሙን ነው። ቀጥሎ ቀለሙን ያያሉ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው በላሜራው ላይ ያስኬዱታል፤ የማይይዝበት ቦታ ላይ ስቱኮ አለ ማለት ነው። (ላሜራም፣ ስቱኮም፣ ሙያተኛው ባትላሜራም ስማቸውን ያገኙት ከጣልያንኛ ነው።) «ጥንተ ስቅለት» ካልን «ጥንተ ሞተር»፣ «ጥንተ ቀለም» ብንል ማን ይከለክለናል? አዛውንቱ እንደሆነ ብለውታል።

ወጣቱ ቮልሱን ሊያሻሽለው አስቧል። ሰፊ ቸርኬ፣ የቆዳ ወንበር፣ አዲስ መብራት። «ማሻሻል» የሚለው ቃል እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። የወጣው ከ«ተሻለ» ነው፤ ታሞ ለዳነ ሰው «ተሻለው» እንላለን። መኪና «ተሻሻለ» ስንል እንግዲህ ሳናውቀው ታሞ ነበር ብለን ፈርደንበታል። «ለወጠ» ከዚህ ይልቅ ሚዛናዊ ነው፤ ከግእዙ «ወለጠ» ፊደል ተቀያይሮ የመጣ ሲሆን መለዋወጥንም ይናገራል። አንድ ነገር ስትሰጥ አንድ ነገር ትወስዳለህ። «ሞዲፋይ»ም ቢሆን ከላቲኑ «ሞዱስ»፣ ከ«መጠን» የመጣ ነው፤ መጀመሪያ ልክ መስጠት፣ መወሰን ማለት ነበር። በፈረንሳይኛ በኩል የመጣው «ሞድ» የቅርብ ዘመዱ ነው። እውነት ነው፣ የተለወጠ ሁሉ አይረክስም፤ ካሊፎርኒያ የሚገኘው ሲንገር የተባለ ድርጅት አሮጌ ፖርሽ 911ን አፍርሶ በራሱ መንገድ ሲሠራው ሀብታሞች ወረፋ ይይዙለታል። እነሱ ግን የሚከፍሉት ለሲንገር እጅ ነው።

«ማደስ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሥሩ «ሐደሰ» ነው፤ የሐዲስ ኪዳን «ሐዲስ»፣ የአዲስ አበባ «አዲስ» ሁሉ ከዚያው ናቸው። የታደሰ መኪና በቃሉ ፍቺ አዲስ የሆነ መኪና ነው፤ ሰብሳቢው ግን የሚፈልገው ጥንቱን ነው። ይህ ክርክር በካሊፎርኒያው የፔብል ቢች ትርኢት ላይ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል። ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሚካሄደው ለዚህ ትርኢት የሚቀርቡት መኪናዎች በአብዛኛው የመስታወት ያህል የሚያበሩ ነበሩ። በ2024 ግን ያልታደሰ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተኛውን ሽልማት ወሰደ፤ በ1934 የተሠራ ቡጋቲ 59። መጀመሪያ የግራን ፕሪ መወዳደሪያ ነበር፤ ኋላ ፋብሪካው ራሱ ቀይሮት ለቤልጅየሙ ንጉሥ ለሊዮፖልድ 3ኛ ተሸጠ፤ ጥቁር ቀለምም ለበሰ። ከፋብሪካ ከወጣበት የመጀመሪያ ቀን መልኩ ተለውጧል ማለት ነው። ያም ሆኖ ማንም ጥንታዊነቱን አልካደውም።

የ1968ቱ ሙስታንግ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊን «ቡሊት» በተባለው ፊልም ላይ የነዳው ነው። ለፊልሙ ሲባል ከፊቱ ላይ የፈረሱ ምልክት ተነቅሏል፣ ቸርኬው ተቀይሯል፣ ካሜራ የሚሸከሙ ድጋፎች ተበይደውበታል። በ1974 የአንድ ቤተሰብ መኪና ሆኖ በ6,000 ዶላር ተገዛ፤ ጥር 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ በጨረታ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ተባለ፤ ከነኮሚሽኑ 3.74 ሚሊዮን። አረንጓዴ ቀለሙ ደብዝዞ፣ ዝገቱም እንዳለ ነው የተሸጠው። አንድ ሰው ምልክቱን መልሶ ቢለጥፍበት፣ ብየዳውን ቆርጦ ጥሎ ፋብሪካ እንደሠራው ቢያደርገው ኖሮ ጥንቱን ባጠፋው ነበር። እኔ እንደሚገባኝ የመኪና ጥንት የግድ ከፋብሪካ በር አይጀምርም። ስሙን ያገኘበት ቀንም ጥንቱ ነው።

ያን ደብዛዛ ገጽታ ፈረንጆቹ ከላቲን ዝርግ ሳሕን ስም የመጣ ቃል ወስደው «ፓቲና» ይሉታል። እኛ «ወዝ» አለን፤ የሰው ፊት፣ የከረመ ምጣድ፣ እጅ ያለሰለሰው የመቋሚያ እንጨት የሚያወጣው ወዝ። የሚመጣው በመነካትና በጊዜ ነው፤ ማንም ከሱቅ አይገዛውም።

ቮልሱ ላይ በሾፌሩ በር መስኮት ጠርዝ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ቀለሙ ድራሹ ጠፍቶ ብረቱ ለስልሶ ይታያል። አዛውንቱ መስኮቱን ከፍተው ክንዳቸውን ያሳረፉበት ነው። ወጣቱ ጣቱን አሳረፈበትና ዞሮ ወደ ጋራዡ ቀለም ቀቢ ተመለከተ።

«ይቺን ብቻ ትተህ መቀባት ትችላለህ?» አለው።