የጉዞው ወጪ በማን ላይ ነበር?

የዛሬ ወላጅ ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞ የመጣውን የጉብኝት ወረቀት ሲቀበል አስቀድሞ የሚያየው ዋጋውን ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጉዞ የትምህርቱ አካል ነበር፤ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ይኬዳል። የቆሎ ተማሪው ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን፣ ቀለቡን የሚሰጠው የማያውቀው መንደር ነበር። በርግጥ የመንደሩ ውሻና ረኀቡ የልጁ ዕዳ ነበሩ፤ ከወላጁ ጠፍቶ የሄደውም ጥቂት አይደለም። በዘመናችን፣ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የአንደኛ ደረጃ የመማሪያ ክፍያን አንሥታለች። ክፍያው ተነሣ ማለት ግን የአውቶቡስ ኪራይ ተነሣ ማለት አይደለም። ለጉብኝቱ መክፈል ያልቻለ ወላጅ ልጁን በዚያ ዕለት ከቤት ያውለዋል።