አንድ ቤት ውለው ያልተያዩ ኮምፒውተሮች

ስሙኝማ፣ የአንድ ቤት ነገር ልተርክላችሁ። ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ባለ አንድ ፎቅ። ምድር ቤት፣ ሳሎኑ ጥግ፣ የጡረተኛው መምህር ዴስክቶፕ ተቀምጧል። ዊንዶውስ 7 ነው፤ ከዕድሜው አንጻር ደህና ይሠራል። ሆዱ ውስጥ ግን የቤተሰቡ ሀብት አለ፦ የክርስትናው፣ የሠርጉ፣ የተማሪዎቻቸው ምረቃ ፎቶ፣ በስካነር የገቡ የመምህሩ ሟች እናት ደብዳቤዎች። ፎቅ ላይ ደግሞ የልጃቸው አዲስ ላፕቶፕ አለ፤ ዊንዶውስ 11።

ከዕለታት አንድ ቀን የዴስክቶፑ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ነገ ማለት የለበትም፤ ልጅቱም ነገ አላለችም። ፎቶ ያለበትን ፎልደር ሼር አድርጋ ፎቅ ወጣችና ላፕቶፗ ላይ ኔትወርክ የሚለውን ከፈተች። ባዶ።

«አባባ፣ የእርስዎ ኮምፒውተር እኔ ጋ አይታይም።»

«አሁን ጋዜጣ እያነበብኩበት እኮ ነው፣ ልጄ። ኢንተርኔቱም ይሠራል።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ከዓለም ጋር ይገናኛሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተዋወቁም።

ልጅቱ ጓደኛዋ ጋ ደወለች። ጓደኛዋም ብዙ ሰው የሚለውን አለቻት፦ «ፋየርዎሉን አጥፊው፤ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውንም መልሰሽ ጫኚው።»

እዚህ ላይ ታሪኩን ልግታው፤ ይህ ምክር ስንቱን ቤት አስለቅሷል። ኤስኤምቢ ማለት ኮምፒውተሮች ፋይል የሚጠያየቁበት ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አይቢኤም ውስጥ ባሪ ፋይገንባውም የጀመረው፣ ማይክሮሶፍት ወስዶ ያሳደገው። የመጀመሪያው እትም የተሠራው መረብ ላይ ጠላት ይኖራል ተብሎ ባልታሰበበት ዘመን ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው እትም ቀዳዳ ገብቶ፣ ማንም ምንም ሳይነካ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየዘለለ ፋይል ቆለፈ፤ ለመክፈቻው ገንዘብ ጠየቀ። እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሕመምተኞቻቸውን መለሱ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፤ ያልጫኑት ተመቱ፤ ከተመቱትም አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ነበሩ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ያን እትም ከአዳዲስ የዊንዶውስ 10 ጭነቶች አወጣው። ደግሞም ያን እትም መልሶ መጫን ለዚህ ቤት ምንም አይፈይድም፤ ዊንዶውስ 7 ሲወለድ ጀምሮ የኤስኤምቢን ሁለተኛ ትውልድ ያውቃል። ልጅቱ ምክሩን አለመስማቷ ደግ አደረገች።

ታዲያ ምን አደረገች? አድራሻ አየች። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታ «አይፒኮንፊግ» ብላ ጻፈች፤ ላፕቶፑ 192.168.0.104 አለ። ወርዳ ዴስክቶፑ ላይ ያንኑ ጻፈች፤ 192.168.1.15 አለ። ሦስተኛዋን ቁጥር ልብ በሉ፦ አንዱ ዜሮ፣ አንዱ አንድ። በዚያች ቁጥር የሚለያዩ ከሆነ፣ በአብዛኛው ቤት ሁለቱ በአንድ መረብ ላይ አይደሉም።

እንዴት ሆነ? ዋይፋዩ ፎቅ ድረስ አልደርስ ብሎ ሁለተኛ ራውተር ተገዝቶ ነበር። ከታች የመጣው ኬብል «ዋን» በሚለው ሶኬት ተሰካ። ያ ሶኬት የውጭ መግቢያ ስለሆነ ሁለተኛው ራውተር የራሱን መረብ ዘረጋ፤ ቅጥር ውስጥ ሌላ ቅጥር ታጠረ ማለት ነው። ከፎቅ ወደ ታች ፒንግ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» የሚል የሙከራ መልእክት፣ ስትልክ መልስ ይመጣል፤ ከታች ወደ ፎቅ ስትልክ ይጠፋል። «እዚህ ነኝ» የሚለው የኮምፒውተሮች ጥሪም ራውተር አያልፍም፤ የዴስክቶፑ ስም ያልታየው ለዚህ ነው።

ኬብሉን ነቀለችው። የፎቁን ራውተር ገጽ ከፍታ የራውተሩን አድራሻ ማንም ያልያዘው 192.168.1.2 አደረገችው፤ በአዲሱ አድራሻ ተመልሳ ገብታ ዲኤችሲፒን አጠፋች፤ አድራሻ የሚያድል አንድ ብቻ፣ የታችኛው፣ እንዲሆን። ከዚያ ኬብሉን «ላን» በሚለው ሶኬት ሰካችው። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት፤ ኬብሉ እንደተሰካ አድራሻ ብትለውጡ ሁለቱ ራውተሮች ይጋጫሉ።

አሁንስ? አሁንም ባዶ። ላፕቶፑ የቤቱን ዋይፋይ «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦታል፤ እንደ ካፌ ዋይፋይ ያየዋል። ዊንዶውስ 11 አዲስ መረብ ሲያገኝ ልማዱ ይህ ነው፤ ልማዱም ትክክል ነው። ልጅቱ «ፕራይቬት» አለችው። ፋየርዎሉ ሳይጠፋ የዴስክቶፑ ስም ብቅ አለ።

ስትከፍተው የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ ጠየቀ።

«አባባ፣ ፓስወርድዎ ምንድን ነው?»

«የምን ፓስወርድ? ገና ሳበራው ይከፈትልኛል።»

ችግሩ ይኸው። ዊንዶውስ ፓስወርድ የሌለውን አካውንት ከፊቱ ለተቀመጠ ሰው ይከፍታል፤ በመረብ ለመጣ አይከፍትም። በእንግድነት ልግባ ማለትም አያዋጣም፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የወጣው 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 ፕሮ እትም እንግድነቱን አይቀበልም። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ይሆንና ላፕቶፑ ላይ ያለውን ሲፈልጉ ፒን ይጽፋሉ። ፒን የሚሠራው በተፈጠረበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ በመረብ ሲገቡ የአካውንቱ ፓስወርድ ነው የሚፈለገው።

ስለዚህ ዴስክቶፑ ላይ ጠንካራ ፓስወርድ ያለው ሌላ አካውንት ከፈተች። ፈቃዱንም ሁለት ቦታ ሰጠች፦ «ሼሪንግ» የሚለው ላይና «ሴኩሪቲ» የሚለው ላይ። ሁለቱ ካልተስማሙ ጠባቡ ነው የሚያሸንፈው፤ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ነክቶ ሲከለከል ግራ ይገባዋል። የሰጠችውም የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ከፎቅ ሆና በስህተት አንዲት ፎቶ እንዳትሰርዝ።

ፎልደሩ ተከፈተ። አስቀድማ የአያቷን ደብዳቤዎች ገለበጠች፤ ዲስኩ መሃል ላይ ቢሞት ተመልሰው የማይገኙት እነሱ ናቸውና። ከዚያ ፎቶዎቹ ተከተሉ፤ ሌሊቱን ሲገለበጡ አደሩ። ጠዋት ሁሉም ላፕቶፑ ላይ ነበሩ፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀመጠች። ያን ዕለት ዴስክቶፑ ላይ ሼር ማድረጉን አጠፋችው። ዊንዶውስ 7 ከጥር 2012 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ የደህንነት ማስተካከያ አይወጣለትም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ክፍት ሊተው አይገባም።

እናንተም ቤት ያረጀ ዲስክ ላይ የተቀመጠ የወላጅ ፎቶ ካለ ድምፁ እስኪሰማ አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ገልብጡት። ኮምፒውተሩ ካልታያችሁ ከአድራሻው ጀምሩ፤ ፋየርዎሉን አትንኩት።