ባቡር መዝጋቢዎቹ እንግሊዞች

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከሕክምና ውጪ የሆነ ታሪክ ጻፊልን» ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። ለትምህርት እንግሊዝ አገር በነበርኩበት ጊዜ በየጣቢያው ያየኋቸውን ሰዎች ላስተዋውቃችሁ። ከፕላትፎርሙ ጫፍ፣ ተሳፋሪ በማይደርስበት ቦታ፣ በዚያ ብርድ ቆመው የሚያልፈውን ባቡር ቁጥር ደብተር ላይ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። የትም አይሄዱም። ብዙዎቹ ሸበቶዎች ናቸው፣ ቴርሞስ ይዘዋል። የገዛ አገራቸው ሰው ይስቅባቸዋል። እኔ ግን ታሪካቸውን ባነበብኩ ቁጥር አከብራቸዋለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቁጥር የሚመዘግቡ ሰዎች ድሮም ነበሩ፤ ነገሩን የሕዝብ ያደረገው ግን ኢያን አላን የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ነው። በ15 ዓመቱ በአደጋ አንድ እግሩን አጥቷል። ለንደን ዋተርሉ ጣቢያ፣ በሰዘርን ሬልዌይ ኩባንያ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ስለ ሎኮሞቲቮች፣ ማለትም ፉርጎውን ስለሚጎትቱት ሞተሮች፣ ስምና ቁጥር የሚጠይቅ ደብዳቤ ይጎርፍለታል። መልስ መጻፍ ሲሰለቸው ሁሉንም በአንድ ትንሽ መጽሐፍ ሰብስቦ ለአለቆቹ አቀረበ። አልፈለጉትም። በ1942 ራሱ አሳተመው። ጦርነት ነው፣ ወረቀት በራሽን ነው፤ ያም ሆኖ አንድ ሽልንግ ይሸጥ የነበረው 2,000 ቅጂ ወዲያው አለቀ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን በዓይንህ ካየኸው ከሥሩ ታሰምርበታለህ። በ1948 ባቡሩ የመንግሥት ሲሆን በአገሪቱ ወደ 20,000 የሚጠጉ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ስለነበሩ የአንድ ሙሉ የልጅነት ዘመን ሥራ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ዋተርሉ ለኛም የታሪክ ቦታ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለስደት ለንደን የገቡት በ3 ጁን 1936 ከሳውዝሃምፕተን በባቡር መጥተው እዚያ ጣቢያ ወርደው ነው፤ የተቀበላቸውም ብዙ ሕዝብ ነበር።

እንግዲህ የኛ ቤት ሰው ይሄን አመል ያውቀዋል። ኢንተርን ሆነን በሌሊት ተረኝነት ካርድ ላይ የምንሞላውን አስታውሱ፦ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ትኩሳት፣ ሰዓት። ለምን እንደሚጠቅም በዚያ ሌሊት አይታይም። መምህሮቻችን «ያልተጻፈ አልተደረገም» ሲሉን እናጉረመርም ነበር። የእንግሊዞቹም ልጆች ለምን እንደሚጽፉ የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ጥቅሙ የታየው ነገሩ ሁሉ መፍረስ ሲጀምር ነው።

መጀመሪያ የፈረሰው የዩስተን ጣቢያ በር ነው። በ1837 የተሠራ፣ ከ20 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የድንጋይ በር ነበር። አዲስ ጣቢያ ይሠራ ተብሎ፣ ገጣሚው ጆን ቤጀማንና ጓደኞቹ እየጮሁ፣ በ1961 መፍረስ ጀመረ። ከድንጋዩ ብዙው በምሥራቅ ለንደን የወንዝ ጉድጓድ ለመሙላት መዋሉ የታወቀው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ቀጥሎ በ1963 የዶክተር ቢችንግ ሪፖርት መጣ። የኛ ዓይነት ዶክተር አይደለም፣ የፊዚክስ ነው፤ ያዘዘው ግን ቆርጦ መጣል ነበር። 2,363 ጣቢያዎች ይዘጉ አለ፤ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። ሕዝቡም «የቢችንግ መጥረቢያ» አለው። ኪሳራው የምር እንደነበር አልክድም፤ ግን ታካሚው ቢተርፍ እንዴት እንደሚሄድ የታሰበ አይመስልም።

ዩስተን ያስቆጣቸው ሰዎች ግን ለሚቀጥለው ተዘጋጅተው ጠበቁ። ከዚያው ጎረቤት ያለው ሴንት ፓንክራስ ተራው ሲደርስ፣ ቤጀማን ያለበት ወገን ተሟግቶ በ1967 በአንደኛ ደረጃ ቅርስነት አስመዘገበው። ጣቢያው ሲከፈት፣ በ1868፣ መሐሉ ላይ አንድም ምሰሶ የሌለው 73 ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ በዓለም ተወዳዳሪ አልነበረውም። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ምድር ቤቱ ነው፤ የምሰሶዎቹ ርቀት የተለካው ከበርተን ከተማ በሚመጣው የቢራ በርሜል ነው። ዛሬ የፓሪሱ ባቡር መነሻ ነው፣ ቤጀማንም በነሐስ ቆሞ ጣሪያውን ያያል።

ሎኮሞቲቮቹስ? በ11 ኦገስት 1968 የመጨረሻው የእንፋሎት የመንገደኛ ባቡር ከሊቨርፑል ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ በዋናው ሐዲድ ላይ እንፋሎት ተከለከለ። በሺዎች የሚቆጠሩት ለብረት ተቆረጡ። በዌልስ ባሪ የምትባል ከተማ ውስጥ ዳይ ውድሃም የሚባል ቆራሌው ነበር። ፉርጎ መቁረጥ ስለሚቀለው ሎኮሞቲቮቹን ለኋላ አቆያቸው። የባሕር አየር እያዛጋቸው ቆሙ። ያኔ እነዚያ ደብተር የያዙ ልጆች አድገዋል፣ ደሞዝተኛ ሆነዋል፤ የትኛው ቁጥር የት እንደቀረ ያውቃሉ። ገንዘብ እያዋጡ መግዛት ጀመሩ። እዚያ ከደረሱት 297ቱ 213ቱ ተረፉ። ከአንዱ ዓይነት ደግሞ ከ49ኙ አንድም አልተረፈም ነበር፤ ለሱም በ1990 ማኅበር አቋቁመው፣ የድሮውን ንድፍ ይዘው፣ በየወሩ እያዋጡ በ2008 «ቶርኔዶ» ብለው አዲስ ሠሩ።

በኛ በኩል፣ ከድሬዳዋ በባቡር ለገሃር ወርዳችሁ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ አላችሁ። የጎተታችሁን ሎኮሞቲቭ ቁጥር የጻፈ ካለ እባካችሁ ለማኅበራችን ይስጥ።

አንድ ነገር ግን እነዚያ ደብተሮች ውስጥ የለም፦ ሰው። የሞተሩ ቁጥር አለ፣ ከሰል የጫረው፣ ፉርጎ የጠረገው ግን የለም። በ1966 አስኩዊዝ ዛቪየር የሚባል ከዶሚኒካ የመጣ የባቡር ጋርድ ወደ ዩስተን ለመዛወር አመለከተ። ተከለከለ፤ ከመንገደኛ ጋር በሚያገናኝ ሥራ ላይ ጥቁር አይቀጠርም ነበር። ጉዳዩ እስከ ፓርላማ ደርሶ፣ የግድያ ዛቻ እየደረሰው፣ በኦገስት 15 ሥራ ጀመረ። ስሙ በጣቢያው ግድግዳ ላይ የተጻፈው በ2016 ነው።