«ጭንቅላቴ ፊደል አይቀበልም» አትበሉ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ፊደልና ስለ አእምሮ ነው።

ከመካከላችሁ «ዕድሜዬ ገፋ፤ ጭንቅላቴ ፊደል አይቀበልም» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ነገሩን ከአንኮበር እንጀምረው።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን ገዝተዋል። በዚያን ዘመን በአንኮበርም ሆነ በደብረ ብርሃን ፊደል የሚቆጠረው በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በየኔታ ፊት ነበር። ተማሪው «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ ይቆጥራል። ፊደሉ 33 ረድፍ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ 7 ፊደል አለው። ሲደመር 231 ይሆናል።

ታዲያ አንዳንዱ ተማሪ ዜማውን ይይዛል እንጂ ፊደሉን አያውቅም። መካከል ላይ ጣት ቢያሳርፉበት፣ ከመጀመሪያው ተነሥቶ ካልቆጠረ አይመልስም። ለዚህ መፍትሔው አቡጊዳ ነው። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ተራው ይለወጣል። የለመዱት ዜማ አያድንም፤ ዓይን ራሱ ማንበብ አለበት። እንግዲህ አቡጊዳ የሚጠይቀው «መልሱ ልክ ነው ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «በምን መንገድ አገኘኸው?» ብሎም ይጠይቃል።

በአሜሪካ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት ትተውት ነበር። ብዙዎቹ «የሚታየውን ሥራ እንጂ የማይታየውን ሐሳብ አናጠናም» ይሉ ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. ግን ጆርጅ ሚለር የተባለ ሊቅ አንድ ነገር ጻፈ። ሰው ባንድ ጊዜ በአእምሮው የሚይዘው ወደ 7 ያህል ነገር ነው አለ። ነገር ግን ተያያዡን አንድ ላይ ካሰረ ብዙ ይይዛል። የደብረ ብርሃን ገበሬም ያጨደውን ገብስ ዛላ በዛላ አይሸከምም፤ ነዶ አድርጎ ያስረዋል። 231ዱ ፊደልም በረድፍ ሲታሰር ይቀላል። በ1967 እ.ኤ.አ. ኡልሪክ ናይሰር ስለዚህ ትምህርት መጽሐፍ አሳተመ። ትምህርቱም የግንዛቤ ሥነ ልቦና ይባላል።

ጥንካሬው ምንድን ነው? ስህተትን እንደ ስንፍና አይቆጥርም። ስህተት ሐሳቡ የት ላይ እንደተሰናከለ ያሳያል። ድክመቱስ? አእምሮን ብዙ ጊዜ እንደ ኮምፒዩተር ለብቻው ያየዋል። ራብን፣ ድካምን፣ የኩራዙን ጭስ ይረሳል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ስንቱ ጎልማሳ ሲያርስ ውሎ ነው ደብተር የያዘው!

ደግሞም ጠያቂው የራሱን ልማድ እንደ መለኪያ ሊይዝ ይችላል። ከሚለር በፊት፣ በ1931 እና በ1932 እ.ኤ.አ. የሶቪየቱ ሊቅ አሌክሳንደር ሉርያ የኡዝቤኪስታንን ገበሬዎች ጠየቀ። «በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ድብ ሁሉ ነጭ ነው። ያ አገር በሰሜን ነው። የዚያ አገር ድብ ምን ዓይነት ነው?» አላቸው። አንዳንዶቹ ያላየነውን አንናገርም አሉ። ሉርያ ይህን ያልተማረ ሰው አስተሳሰብ ነው አለ። እኛ ግን ያላየውን የማይመሰክር ሰው እናከብራለን፣ አይደል?

በ1981 እ.ኤ.አ. ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል በላይቤርያ ስለሚኖሩ የቫይ ሰዎች ጥናት አሳተሙ። ቫዮች የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ከትምህርት ቤት ውጭ እርስ በርስ ይማማሩታል። ማንበብ ብቻውን የሰውን አስተሳሰብ በሙሉ እንደማይለውጥ አጥኚዎቹ አዩ። ሰው የሚጎብዘው በሚሠራበት ነገር ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው፣ ነገሩን ለሌላው ማስረዳት ይጎብዛል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ፊደል ሳታውቁም አሳቢዎች ነበራችሁ። ፊደል አዲስ መሣሪያ ይጨምርላችኋል፤ የሚሳለውም ስትሠሩበት ነው። ዛሬ ማታ ገበታውን ዘርጉና ከተራው ውጭ ጣታችሁን አሳርፉ። ቢጠፋባችሁ አትፈሩ። ዜማው ገና ወደ ዓይናችሁ አልገባም ማለት ነው እንጂ፣ ጭንቅላታችሁ እምቢ አላለም።

ደኅና ሰንብቱ።